የሲስተር በላይነሽ ዝምታ

ሲስተር በላይነሽ በሕይወት ሳሉ ብዙ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ፤ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ተከራከሩኝ። ይሄን ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ፣ እኔ ግን እየቀለድኩ አይደለም። ግርማ እባላለሁ፤ ዕድሜዬን በምዕራብ ሸዋ ጤና ጣቢያዎች ክትባት ስሰጥ የጨረስኩ ነርስ ነኝ። ጡረታ በወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ቆረሱልኝ፣ አንዱ ኃላፊም «ጋሽ ግርማ፣ በሥራ ዘመንዎ የማይረሱት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ማይክ ሰጠኝ። «የሞተ ሰው ድምፅ» ብል ኖሮ ኬኩ ጉሮሯቸው ላይ ይቀር ነበር። «የባልደረቦቼ ፍቅር» አልኩና ተቀመጥኩ። እውነተኛውን መልስ እነሆ እዚህ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ ዓለም ነው። እዚያ የተማርኩት ቅጽ መሙላትና አበል መጠበቅ ነበር። ሙያውን የተማርኩት እጃጂ ተዛውሬ ሲስተር በላይነሽ እጅ ከገባሁ ወዲያ ነው። አጭር ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን በላስቲክ አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ። የእጃጂ ልጅ ናቸው፤ ባላቸው ኦሮሞ አስተማሪ ነበሩ፤ ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲያባብሉ በኦሮምኛ ነበር። እኔን ሁሌም በአማርኛ ነው ያናገሩኝ።

ጠዋት ከሁላችንም ቀድመው ይገቡና የመድኃኒቱን ፍሪጅ የልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው ይዳብሱታል። ለመንደር ሥራ የምንይዘውን የበረዶ ላስቲክ ከፍሪዘር አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩታል፤ እስኪያልበው ድረስ ወደ ክትባቱ ሳጥን ማስገባት አይቻልም። ጆሯቸው ሥር ይዘው ይንጡታል፤ ውስጡ ውሃ ሲንቀሳቀስ ከሰሙ ብቻ «በል አሁን» ይላሉ። ምክንያቱም ክትባትን የሚገድለው ሙቀት ብቻ ይመስላል። አይደለም። የቴታነሱንና የመሳሰሉትን ፈሳሽ ክትባቶች የሚገድላቸው ብርድ ነው። በረዶ ከነካቸው፣ መልካቸው ደህና ሆኖ ውስጣቸው አልቋል። ብትወጋው ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እናቱ ትደሰታለች፣ ጥቅም ግን የለውም።

ታዲያ ይህ የሚታወቅበት መንገድ አለ። አንድ ብልቃጥ ሆን ብለው በረዶ ያደርጉና ያቀልጡታል፤ «ምስክሬ» ይሉታል። የተጠረጠረውንና ምስክሩን በአንድ እጃቸው ጣቶች መካከል ይዘው ይንጧቸዋል፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ከዚያ መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ያቆሟቸውና «ዝም!» ይላሉ። ማንም አይተነፍስም። ብርድ የመታው ፍርፋሪ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላዩ ውሃ ይቀራል። ደህነኛው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይቆያል።

አንድ ቀን «ሲስተር፣ ብናወራ ብልቃጡ ይደነግጣል እንዴ?» አልኳቸው።

«አንተ ስታወራ እኔ አላይም» አሉኝ። «እዚህ ቤት የሚታመን ነገር የለም፣ የሚታይ ነገር ነው ያለው።»

ከላይ የመጣ ተቆጣጣሪ «ፋብሪካው ዋስትና ሰጥቶበታል» ቢላቸው «ፋብሪካው እዚህ የለም፣ እኔ ነኝ ያለሁት» ብለው ብልቃጡን ወደ መጣያው ሳጥን ወረወሩት። በዚያ ዓመት እድገት አላገኙም። እኔን ያሳደጉኝ እኚህ ሴት ናቸው፤ እናቴን የምወዳትን ያህል ወድጃቸዋለሁ፣ ይሄን በሕይወት ሳሉ አልነገርኳቸውም።

ኮሮና በገባ በዓመቱ ስኳር ገደላቸው። እጃጂ አፈር ሲለብሱ ቆሜ አይቻለሁ። አንዲት ልጅ ትተዋል፣ ሲፈን ትባላለች፣ አምቦ አስተማሪ ናት። እኔም ወዲያው ወደ አምቦ ተዛወርኩ።

ከዚያ የማጠናከሪያው ወሬ መጣ። መጀመሪያ የኮሮናው ነበር። አንዴ ተወጉ ተባለ፣ ቀጥሎ ድገሙ ተባለ፣ ቀጥሎ ደግሞ ማጠናከሪያ። ሚኒባስ ውስጥ፣ ጸጉር ቤት፣ ልቅሶ ላይ ሳይቀር ክርክሩ እሱ ሆነ፤ «እነዚህ መድኃኒት ሻጮች መቼ ነው በቃ የሚሉት?» ይላል ሰው። ቀስ ብሎ ጥርጣሬው ወደ ልጆቹ ክትባት ተሻገረ። የኩፍኙ ሁለተኛ ዶዝ ላይ ሲደርሱ እናቶች መቅረት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ እርሻ በዝቶባቸው ነው ብዬ ነበር።

አንድ ማለዳ ለኩፍኝ ዘመቻ ወንጪ አካባቢ ወዳለች መንደር ወጣን። ሾፌራችን ኦቦ ዲንቃ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ እዚያ ስንደርስ ግን እሱም ዝም አለ። ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ መንደሩን ውጦታል። በሮቹ ክፍት ናቸው፣ ሰው የለም። አንዱ ቤት ምድጃ ላይ ድስት ይንተከተካል። ሌላው ደጅ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ቆሞ ያየናል። ውሻ እንኳ አልጮኸብንም።

«አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ!» ብዬ ተጣራሁ።

ኦቦ ዲንቃ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባና መስኮቱን ዘጋ። «እኔ ሾፌር ነኝ» አለኝ በቀዳዳው፣ «ከመኪና አልርቅም።»

ከቤቶቹ ጀርባ እንሰት አለ። ከእንሰቱ ውስጥ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ቃሉን አልለየሁትም፣ አነጋገሩን ግን ለየሁት። ያ ድምፅ ስንት ዓመት «ግርማ፣ እጅህን ታጥበሃል?» ሲለኝ የኖረ ድምፅ ነው። ከዚያ ቀጥ አለ። በስመአብ ብዬ ቅጠሉን ገልጬ ገባሁ። ሴቶች ነበሩ፣ ብዙ ሴቶች፣ መሬት ላይ ተቀምጠው የሕፃናቱን አፍ በእጃቸው ይዘዋል። ሲያዩኝ አንዳቸውም አልጮኹም። አንድ ላይ ተነሡና ወደ ጉሙ ውስጥ ወረዱ። የተቀመጡበት ሣር ብቻ ተኝቶ ቀረ።

ለኦቦ ዲንቃ ስለ ድምፁ አልነገርኩትም። ዕድሜ ነው፣ ድካም ነው አልኩ ለራሴ።

አምቦ ስመለስ የቢሮው ኃላፊ ጠራኝ። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ ጥድፊያው ግን አይጣል ነው። «ጋሽ ግርማ፣ በስልክ የሚዞር አንድ ድምፅ አለ። ሟቿ ሲስተር በላይነሽ ክትባት አትውሰዱ እያሉ ነው ይላሉ። በኮምፒዩተር የተሠራ ሐሰት ነው። እጃጂ ገበያ ሄደህ ተናገር፣ አንተን ያውቁሃል።»

«ሰምተኸዋል?» አልኩት።

«መስማት ምን ያደርግልኛል? የሞተ ሰው አይናገር!»

እኔም አልሰማሁትም። የእንሰቱ ነገር በሆዴ አለ፤ ግን የቀበርኳቸው ሴት ያስተማሩኝን ሥራ ይቃወማሉ ብዬ እንዴት ልመን? ሐሰት ነው ማለት ቀለለኝ።

የእጃጂ ገበያ ቀን ሞንታርቦ ተከልን። ሰልፉ ጥሩ ነበር። ከፊት ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ሴት ልጇን ታቅፋ ቆማለች፣ የልጁን እጅጌ ሰብስባ ጨርሳለች። ማይኩን ይዤ ስናገር ኦቦ ቶሎሳ ወደ ፊት ወጣ። እህል ነጋዴ ነው፣ የሲስተር በላይነሽ ጎረቤት የነበረ፣ የተከበረ ሰው።

«ኦቦ ግርማ፣ ልጠይቅህ» አለ። «እኔ ሻጭ ነኝ። ሰው ተመልሶ እንዲገዛኝ ምን እንደምል አውቃለሁ። የመጀመሪያው መርፌ ከሠራ ሁለተኛው ለምን? ካልሠራስ ሁለተኛው ለምን?»

«ዘር ስትዘራ ሁሉም ይበቅልልሃል?» አልኩት። «ባልበቀለበት ትደግማለህ። የመጀመሪያው ያልያዘላቸው ልጆች አሉ፣ የትኞቹ እንደሆኑ በዓይን አይታወቅም፣ ስለዚህ ለሁሉም እንደግማለን።»

«ይሄስ ደህና» አለ። «ፋብሪካውን ግን አላምነውም።»

እኔም አላምነውም፣ ስለዚህ ነው የምንፈትሸው፣ ማለት ነበረብኝ። ሲስተር በላይነሽ እንዲያ ይሉ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ፋብሪካው በዓለም የታወቀ ነው» አልኩ። ሰዉ አጉረመረመ። ቶሎ ብዬ ወደ ተላክሁበት ጉዳይ አለፍኩ፦ «ደግሞ በሲስተር በላይነሽ ስም የሚዞረው ድምፅ ውሸት ነው! እሳቸው አይደሉም!»

«ሰምተኸዋል?» አለኝ ኦቦ ቶሎሳ፣ እኔ ኃላፊውን የጠየቅኩትን።

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያው ስማ።» ስልኩን አወጣና እጄ ላይ ባለው ማይክ ደገነው።

የሲስተር በላይነሽ ድምፅ በገበያው ላይ ወጣ። «ይቺን ለገዛ ልጄ አልሰጥም። ማንም ቢያዘኝ አልሰጥም። ፋብሪካው ደህና ናት ቢለኝም አላምነውም፣ እናንተም አትመኑ።» ከዚያ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ። አንዲት ሴት «ጥርሳቸው ነው! ይንቀጠቀጣሉ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ዝምታ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ብቻ ይሰማል፤ እኛ የቆምንበት ግን ፀሐይ ነው። ገበያ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሚዛን የያዘው ሚዛኑን ይዞ ቀረ። ያ ዝምታ አላልቅ አለ። በመጨረሻ ሲስተር በላይነሽ ጎናችን እንደቆመ ሰው ሆነው «አያችሁ አይደል?» አሉ። አለቀ።

«ናቸው ወይስ አይደሉም?» አለኝ ኦቦ ቶሎሳ።

መዋሸት አልቻልኩም፣ በእሳቸው ፊት ደግሞ እንዴት ይዋሻል? «ናቸው» አልኩ። ማይኩ ክፍት ነበር።

ቢጫ ሻርፕ ያደረገችው ሴት የልጇን እጅጌ ቀስ ብላ መለሰችና ከሰልፉ ወጣች። ሌሎቹ ተከተሏት። ሳጥናችንን እንደያዝን ቀረን።

ወር ሳይሞላ ኩፍኝ እጃጂ ገባ። ለእርዳታ ተጠርቼ ስሄድ ያንን ቢጫ ሻርፕ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ አየሁት፤ ልጁ ተገንዞበት ነበር። እናትየው ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ልጅ ሲሞት አይቻለሁ፤ ይሄኛው ግን እጄ ላይ ነው የሞተው። ያን የገበያ ቀን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር፣ እጅጌው ተሰብስቦ።

አምቦ ተመልሼ በቀጥታ ሲፈን ቤት ሄድኩ፣ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ። ልጇ ኬና ሁለተኛው የኩፍኝ ዶዝ እንዳለፈው አውቃለሁ። የሲስተር በላይነሽ የልጅ ልጅ በኩፍኝ ቢያዝ ራሴን ምን አደርገዋለሁ?

ደጁ ላይ ስደርስ ድምፁን ሰማሁት። ሲፈን ስልኩን አልጋው ራስጌ አስቀምጣ ለልጁ ታሰማዋለች። «ሲያለቅስ ይሄን ስከፍትለት ዝም ይላል፣ ጋሼ» አለችኝ። «ሌላ ድምጿ የለኝም። ሠርጌ ላይ እንኳ ካሜራ ሲመጣ ትሸሽ ነበር።» ኬና ዝምታው ላይ ሲደርስ ዓይኑን አፍጥጦ ጣራውን ያያል። ከዚያ «አልሰጥም» አለ፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን፣ በአያቱ አነጋገር።

«ሲፈን፣ ክትባቱን አስወጊው፣ ማሎ፣ እባክሽ!»

«እናቴ ዋሽታ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«አንተስ ገበያ ላይ ናቸው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን እያልከኝ ነው?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «እናቴን ሞታም አልሰማት?»

የጠጣንበትን ሻይ ልታነሣ ሁለቱን ብርጭቆ በአንድ እጇ ጣቶች መካከል ያዘቻቸው፤ ስትሄድ ተጋጩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«ምን ሆንክ፣ ጋሼ?»

«ጥርሳቸው አይደለም» አልኩ። «ሲፈን፣ ጥርሳቸው አይደለም!» ዝናቡንም አወቅኩት። የእጃጂ ጤና ጣቢያ የስልጠና ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሲስተር በላይነሽ ይሄን ፍተሻ ሲያሠለጥኑን እኔ ራሴ እዚያ ተቀምጬ ነበር። እንደ እብድ እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ሲፈን እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

መጋዘን ጠባቂውን ለምኜ ጊዜያቸው አልፎ ለመቃጠል የተቀመጡ ሁለት የቴታነስ ብልቃጦች ወሰድኩ። አንዱን በረዶ አደረግኩት፣ አቀለጥኩት። በማግስቱ ሲፈንን መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳትና «ክፈቺው» አልኳት።

ድምፁ ጀመረ። «ይቺን ለገዛ ልጄ አልሰጥም...» ብርድ የመታውን ብልቃጥ አሳየኋት። «ፋብሪካው ደህና ናት ቢለኝም...» ሁለቱን በአንድ እጄ ያዝኩ። ስልኩ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሲል እኔም ናጥኩ፣ የእሳቸው እጅና የእኔ እጅ እኩል ሄዱ። መስኮቱ ላይ አቆምኳቸው። ዝምታው መጣ። ሲፈን ልትናገር አፏን ስትከፍት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። የሌለ ዝናብ ክፍሉ ውስጥ ይዘንባል። በአንዱ ብልቃጥ ውስጥ ፍርፋሪው መውረድ ጀመረ፣ ወረደ፣ ከላይ ውሃ ቀረ። ሌላኛው ነጭ እንደሆነ ቆመ።

«አያችሁ አይደል?» አሉ ሲስተር በላይነሽ።

«አየሁ፣ እማዬ» አለች ሲፈን።

ከዚያ ብዙ አለቀሰች። እኔም አላፈርኩም፣ አለቀስኩ። እናቷ ብርድ የመታውን ብልቃጥ ነው አልሰጥም ያሉት፤ ደህናውንማ በገዛ እጃቸው ለእጃጂ ልጅ ሁሉ ሰጥተዋል። ማን እንደቀዳው፣ ማን እንደቆረጠው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ክፋት ይሁን ጨዋታ፣ እሱን እግዜር ይወቀው።

ኬናን ይዛ ስትመጣ «እኔ ልናጠው» አለችኝ። «ይሄኛው በመናጥ አይታወቅም፣ ዱቄት ነው፣ ብርድ አይጎዳውም። የሚጎዳው ሙቀት ነው» አልኳትና ሙቀት ሲነካው የሚጠቁረውን የብልቃጡን ትንሽ ምልክት አሳየኋት። መነጽር እንዳላት ሁሉ ዓይኗን አጥብባ ደጋግማ አየች፣ ቁርጥ እናቷን። «ስጠው» አለች። መርፌው ሲገባ ኬና «አልሰጥም!» ብሎ ጩኸቱን አቀለጠው፤ ሲፈንና እኔ በእንባችን መካከል ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ብልቃጥ ኪሴ ሳልይዝ የትም አልሄድኩም። ኦቦ ቶሎሳ በገዛ እጁ ንጦ አየና የልጅ ልጆቹን አመጣ፤ «ፋብሪካውን አሁንም አላምነውም» አለኝ፣ «እኔም» አልኩት፣ ተጨባበጥን። የወንጪዎቹ ሴቶች ግማሾቹ መጡ፣ ግማሾቹ እስከ ዛሬ አልመጡም። ሲፈን ደግሞ ቅዳሜ እሑዷን ቤት ለቤት እየዞረች «የእናቴን ድምፅ አጥፉልኝ» ብላ ለመነች። ሰው አከበራት፣ አጠፋ። እኔም አጠፋሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለፈው ሲፈን በሰው ስልክ ደወለችልኝ። የእናቷ ድምፅ የቀረበት የእሷ ስልክ ገበያ ላይ ተሰርቋል። ድምፁን እንዲልኩላት የምትጠይቀውን ሰው ሁሉ ጠይቃለች፣ ሁሉም «አጥፉ ስላልሽ አጥፍተናል» አሏት። «ሁሉንም በእጄ አስጠፋሁት፣ ጋሼ» አለችኝ።

ትናንት ከእጃጂ ወደ አምቦ በሚኒባስ ስመለስ ከኋላዬ ያ ድምፅ ተነሣ። «ይቺን ለገዛ ልጄ አልሰጥም...» ዞር አልኩ። የማላውቀው ጎልማሳ ነው፣ አጠገቡ ላለችው እናት እያሰማት። እጄ ኪሴ ገባ። ብልቃጦቹን አውጥቼ እዚያው አሳየኋቸው፤ ሴትየዋ አየች፣ ሰውዬው ግን ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

«በል ለእኔም ላክልኝ» አልኩት።

ገረመው። «ምን ያደርግልዎታል፣ አባባ?»

«የዘመድ ድምፅ ነው።»

ላከልኝ። ከመናኸሪያ ወርጄ በቀጥታ ሲፈን ቤት ሄድኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ከፈትኩት። እሷ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ኬና አድጓል፣ ይሮጣል፣ አፉን ፈትቷል። ዝምታው ላይ ሲደርስ «ሲፈን...» ብዬ ላጽናናት ስል ልጁ ወደ እኔ መጣና ትንሿን ጣቱን ከንፈሬ ላይ አደረገ።

«ዝም በል» አለኝ። «አያቴ እያየች ነው።»

ዝም አልኩ።